ጎንደር ላይ ጨረታችንን ያስተዳደረልን አማካሪ ድርጅት፦ ክፍያው ይገባቸዋል?

ፍርዴን መጀመሪያ ልናገር። ይገባቸዋል። ሰነድ አዘገጃጀታቸው አንደኛ ነው። ዋጋ ሲመረምሩም ዓይናቸው ስለታም ነው። ሰው አያያዛቸው ግን ደካማ ነው። ጨረታ ውስጥ ደግሞ ሰው አያያዝ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ አይደለም። የተሸነፈው ተጫራች «በትክክል ተሸነፍኩ» ብሎ ካልሄደ ሥራው አላለቀም። በተለይ እንደ ጎንደር ባለ፣ ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ።

እኛ እዚሁ ከተማ የምንነግድ ሰዎች ተሰባስበን ያቋቋምነው አክሲዮን ማኅበር ነን። ቤዝመንት ያለው ጂ ፕላስ ስድስት ሕንፃ ልንገነባ ነው። ታች ሱቅ፣ መሃል ቢሮ፣ ላይ ደግሞ የእንግዳ ማረፊያ። እኔ የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ ስለሆንኩ ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ ውል ፊርማው ድረስ አብሬያቸው ነበርኩ። የድርጅቱን ስም አልጠቅስም። ቅሬታም ስላለኝ በአደባባይ ስም ማንሳቱ ተገቢ አይመስለኝም። ግን እንዲህ ያለ አገልግሎት ለመግዛት የምታስቡ ብዙዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ምን እንዳገኘንና ምን እንደጎደለን ዘርዘር አድርጌ ልጽፍ።

ጨረታ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው የመክፈቻው ቀን ነው። ሳጥን፣ በሰም የታሸገ ኤንቨሎፕ፣ ዋጋ ጮክ ብሎ ማንበብ። ያ ግን ከሥራው ሁሉ ትንሹ ነው። የገዛነው አገልግሎት የሚጀምረው ዲዛይኑን ከመፈተሽ ነው። ከዚያ የሥራና የዋጋ ዝርዝሩን፣ ሁላችንም ቢኦኪው የምንለውን፣ ማዘጋጀት አለ። የመሐንዲስ ግምት አለ። የጨረታ ሰነድ፣ ማስታወቂያ፣ የቦታ ጉብኝት፣ ለተጫራቾች ጥያቄ መልስ መስጠት፣ መክፈት፣ መገምገም፣ በመጨረሻም ከአሸናፊው ጋር ማፈራረም። ግንባታውን መቆጣጠር እዚህ ውስጥ የለም። እሱ ራሱን የቻለ ሌላ ውል ነው።

መጀመሪያ ላይ ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ነበር። በዕድሜም በድርሻም ትልቁ ባለአክሲዮናችን «ለወረቀት ይህን ያህል ብር? የምናውቃቸው ሦስት ኮንትራክተሮች አሉ፤ ዋጋ እንጠይቅና የረከሰውን እንያዝ» አሉ። ከኮሚቴው ግማሹ ከእሳቸው ጋር ነበር። ነገሩን የቆረጠው የድርጅቱ መሐንዲስ የሰጣቸው መልስ ነው። «ጋሼ፣ አንድ ዓይነት ዝርዝር ሳይሰጧቸው ዋጋ ከጠየቋቸው ሦስቱም የሦስት የተለያየ ሕንፃ ዋጋ ነው የሚሰጡዎት። አንዱ ወለሉን ሴራሚክ ብሎ ያስባል፣ ሌላው ግራናይት። አንዱ የውኃ ታንከሩን ይጨምራል፣ ሌላው ይተወዋል። ከዚያ የትኛውን ነው ርካሽ የሚሉት?» ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «እሺ፣ ሰነዱን ሥሩና አሳዩን» አሉ። ለእኔ ከዚያ ወዲህ ስለ ጨረታ የሰማሁት የተሻለ ማብራሪያ የለም።

እኛ የግል ድርጅት ስለሆንን የመንግሥት ግዥ ሕግ አያስገድደንም። የፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 649/2001ም ሆነ በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 1333/2016 የሚገዙት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን ነው። ቢሆንም አማካሪዎቹ የመንግሥትን መደበኛ የጨረታ ሰነድ መነሻ አድርገው ለእኛ በሚስማማ መልኩ አስተካከሉት። ይህ ብልህነት ነው። ኮንትራክተሮቹ ያንን ሰነድ በደንብ ያውቁታል። የትኛው ቅጽ የት እንደሚሞላ፣ የትኛው ወረቀት ቢጎድል ከውድድር እንደሚያስወጣ ያውቃሉ። አዲስ ሰነድ ብንፈጥር ኖሮ ጥሩ ጥሩዎቹ ሁሉ በቅጽ ስህተት ብቻ በወደቁ ነበር።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደወደድኩት ክፍል ልምጣ።

ሕንፃችን ከ12 ሜትር በላይ ስለሚረዝም በሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 መሠረት የተመደበው ምድብ «ሐ» ውስጥ ነበር። ጥንቃቄውም በዚያው ልክ ይከብዳል። ዲዛይኑን ያሠራነው ቀደም ብለን በሌላ ቢሮ ነው። የአፈር ምርመራ ነበረው፤ ናሙናው የተወሰደው ግን ከአንድ ጥግ ብቻ ነው። ጎንደርን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከተማው ኮረብታና ቁልቁለት ነው። የቦታችን የላይኛው ወገን ብዙም ሳይቆፈር ድንጋይ ነው። የታችኛው ወገን ደግሞ ክረምት ሲገባ የሚያብጥ፣ በጋ ሲመጣ የሚሰነጠቅ ዋልካ ነው። አማካሪዎቹ ቦታውን አይተው እንደተመለሱ መጀመሪያ ያሉት «በዚህ ምርመራ ጨረታ አናወጣም» ነው። ተጨማሪ ጉድጓድ ይቆፈር አሉ። ወጪ ነበረው። ጊዜም ወሰደ። ስብሰባ ላይም ተጨቃጨቅንበት። ውጤቱ ሲመጣ ግን ዝርዝሩ ላይ የነበረው የድንጋይ ቁፋሮ መጠን ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ በቁጥር ላስረዳ። ቁጥሮቹ የእኛ አይደሉም፤ ለማስላት እንዲመቹ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። ሰነዱ ላይ የድንጋይ ቁፋሮ 100 ሜትር ኩብ ነው እንበል። አንዱ ተጫራች ለአንድ ሜትር ኩብ 1,000 ብር ይሞላል፣ ሌላው 3,000። ወረቀት ላይ ልዩነታቸው 200,000 ብር ነው። በብዙ ሚሊዮን ብር ሥራ ውስጥ ይህ ዓይን አይገባም። ሁለተኛው ሰው ቀለምና በር ላይ ቀነስ አድርጎ አጠቃላይ ዋጋውን ያወርድና ያሸንፋል። ቁፋሮው ሲጀመር ድንጋዩ 1,000 ሜትር ኩብ ሆኖ ቢወጣስ? የሚከፈለው በተለካው ልክ፣ እሱ በሞላው ነጠላ ዋጋ ነው። ልዩነቱ 2 ሚሊዮን ብር ደረሰ ማለት ነው። ርካሽ ነው ብላችሁ የመረጣችሁት ሰው ገና ከመሠረት ሳይወጣ ውድ ሆነ። አካባቢውን የሚያውቅ ኮንትራክተር ድንጋዩ እንዳለ ያውቃል። የማያውቀው ባለቤቱ ነው።

እኛ ጋም ልክ እንዲህ የሞላ ተጫራች ገጠመን። የድንጋይ ቁፋሮ ነጠላ ዋጋው ከሌሎቹ በጣም የራቀ ነበር። መጠኑ አስቀድሞ ስለተስተካከለ ግን ያ ዋጋ ድምሩ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣና ሰውየው ወደ ኋላ ቀረ። በአሮጌው ዝርዝር ወጥተን ቢሆን ኖሮ አንደኛ የሚወጣው እሱ ነበር። አማካሪዎቹ በሁለቱም ዝርዝር አስልተው ጎን ለጎን አሳይተውናል። ያን ቀን ጋሼ ራሳቸው «የከፈልነው ብር ተመለሰ» አሉ።

ሌላው የወደድኩት የዋጋ ማስተካከያው ነው። ሐምሌ 22/2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ የብረት፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የሊፍት ዋጋ የት እንደሚያድር መገመት ከባድ ሆኗል። ጎንደር ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ብረት እዚህ የሚደርሰው የነዳጅና የጭነት ዋጋ ተሸክሞ ነው። ባለፉት ዓመታት መንገድ ሲዘጋ ገበያው ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። ብዙ ባለቤቶች «የዋጋ ማስተካከያ አይደረግም» ብለው ጽፈው ይገላገላሉ። ባለቤቱን የሚጠብቅ ይመስላል። ግን ጠንቃቃው ኮንትራክተር ስጋቱን ሁሉ ዋጋው ውስጥ ከቶ ይመጣል፤ ግድ የለሹ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያሸንፍና ብረት ሲወደድ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል። በየሰፈሩ ፌሮው ወደ ላይ ወጥቶ ዝጎ የቀረ ሕንፃ የምናየው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አማካሪዎቹ ለብረት፣ ለሲሚንቶና ለነዳጅ ብቻ የሚሠራ ቀመር አስገቡ። መነሻው ጨረታው ከመከፈቱ በፊት ያለው የገበያ ዋጋ ነው፤ ማስረጃውም ከሰነዱ ጋር ተያይዟል። ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። መንገድ ከኮንትራክተሩ አቅም ውጪ በሆነ ምክንያት ከተዘጋ የጊዜ ማራዘሚያ ያገኛል፣ ተጨማሪ ገንዘብ ግን የለም። ከተጫራቾቹ አንዱ በቦታ ጉብኝቱ ላይ «ይህን ስላስገባችሁ ነው ዋጋዬን የማወርደው» ብሎ በግልጽ ነግሮናል።

የጊዜ አመራረጣቸውም ጥሩ ነው። እኛ ቸኩለን በሚያዝያ እናውጣ ብለን ነበር። እነሱ ተቃወሙ። በሚያዝያ የወጣ ጨረታ ተገምግሞ ውል የሚፈረመው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዋልካ ውስጥ ቤዝመንት መቆፈር ደግሞ ውኃ እየቀዱ መዋል ነው። ኮንትራክተሩ ያንን እያሰበ ዋጋ ይሞላል፣ ወይም ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ ክረምቱን ቁጭ ይላል። ስለዚህ ማስታወቂያው መስከረም መጨረሻ ላይ በሳምንታዊዋ በኩርና በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ወጣ። ቁፋሮው በጋ ላይ ዋለ። ሌላው ቀርቶ የቦታ ርክክቡ ከጥምቀት ሳምንት ጋር እንዳይጋጭ አስበውበታል። በዚያ ሰሞን እዚህ ከተማ አልጋም መኪናም እንደማይገኝ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን የሚያስበው።

አንድ ጎንደር ጎንደር የሚሸት አንቀጽም አለ። በቁፋሮ ጊዜ ጥንታዊ ግንብ፣ መቃብር ወይም ዕቃ ቢገኝ ምን ይደረጋል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያገኘው ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ሰነዱ ላይ ሥራው በዚያ ቦታ እንደሚቆም፣ ማን ለማን እንደሚያሳውቅና የቆመው ጊዜ እንዴት እንደሚቆጠር በግልጽ ተጽፏል። የፋሲል ግንብ ባለበት ከተማ ይህ ለይስሙላ የሚጻፍ ነገር አይደለም።

ከትናንሽ ነገሮች ደግሞ ሁለቱን ላንሳ። የጨረታ ማስከበሪያውን፣ ማለትም ተጫራቹ ለመወዳደር የሚያስይዘውን ገንዘብ፣ በመቶኛ አላደረጉትም፤ ቁርጥ ያለ ብር ነው ያደረጉት። ምክንያቱን ስጠይቃቸው የሰጡኝ መልስ ገረመኝ። «ካቀረቡት ዋጋ ይህን ያህል ከመቶ» ከተባለ ሲፒኦውን (ባንክ ያረጋገጠውን የክፍያ ማዘዣ) ያየ ሰው ሁሉ የተጫራቹን ዋጋ አስልቶ ሊያውቅ ይችላል። ባንክ ቤት ያለው ሠራተኛም፣ ከኋላ ወረፋ የያዘው ሰውም። ሁለተኛው፣ ዝርዝሩን በተቆለፈ ኤክሴል ነው የሰጡት። ተጫራቹ ነጠላ ዋጋ ብቻ ይሞላል፣ ማባዛቱንና መደመሩን ፋይሉ ይሠራዋል። ነጠላ ዋጋና ድምር አልገናኝ ሲል የሚነሳው ንትርክ ከነአካቴው ቀረ።

ስለ መክፈቻው ቀን ብዙ የምለው የለም። በሰዓቱ ተዘጋ፣ በሰዓቱ ተከፈተ፣ ዘግይቶ የመጣ ኤንቨሎፕ ሳይከፈት ተመለሰ። ቴክኒካሉ (የብቃት ሰነዱ) ቀድሞ ታየ፣ ፋይናንሻሉ (የዋጋ ሰነዱ) ታሽጎ ሁላችንም ፈርመንበት ካዝና ገባ። ጥሩ ነበር።

ግምገማው ላይ ግን አንድ ታሪክ አለ። መስፈርቱ ደረጃ 3 እና ከዚያ በላይ የሆነ ኮንትራክተር፣ የተመሳሳይ ሕንፃ ልምድና የራሱ መሣሪያ ያለው ይላል። አማካሪዎቹ የመሣሪያ ሊብሬዎችን አንድ በአንድ መዘገቧቸው። የአንድ ኤክስካቫተር ሊብሬ በሁለት ተጫራቾች ሰነድ ውስጥ ተገኘ። ሁለቱም «የራሴ ንብረት» ብለው ነው የሞሉት። ለሁለቱም በጽሑፍ ማብራሪያ ተጠየቀ። አንደኛው መሣሪያው በስሙ መሆኑን አረጋገጠ። ሁለተኛው ማስረጃ ስላላመጣ ወጣ። እንዲህ ዓይነት ነገር አንዳንዴ ለመሟያ ያህል አጃቢ ይዞ የመግባት ምልክት ስለሚሆን የሁለቱን ዋጋ ጎን ለጎን አድርገው መረመሩ፤ የተመካከሩ የሚያስመስል ነገር አላገኙም፣ ያንንም በሪፖርቱ ላይ ጻፉት። በልምድ ማስረጃም ወረቀት አይተው ብቻ አልተቀበሉም። እዚህ ማራኪ በኩል ያለ አንድ ሕንፃና ባሕር ዳር ያለ ሌላ ሕንፃ ድረስ ሄደው ባለቤቶቹን አነጋግረዋል። ስንቶቻችን ነን ኮንትራክተር ከመያዛችን በፊት ያለፈውን ባለቤት የምንጠይቅ?

እስካሁን ምስጋና ብቻ ነው። አሁን ወደ ቅሬታዬ።

ጨረታው ክፍት እያለ አንድ ተጫራች የድርጅቱን መሐንዲስ በስልክ ይደውልለትና ስለ መስኮቶቹ መስታወት ውፍረት ይጠይቀዋል። ሥዕሉ አንድ ነገር ይላል፣ ዝርዝሩ ሌላ። መሐንዲሱም የትኛው ትክክል እንደሆነ እዚያው በስልክ ነገረው። በቅን ልቦና እንዳደረገው አልጠራጠርም። ግን ሌሎቹ ተጫራቾች ይህን አያውቁም። በማግስቱ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ወሬው ደረሰኝ። «ለእገሌ የሚነገር፣ ለእኛ የማይነገር ነገር አለ» እየተባለ ነው። አስቡት፣ ያ ሁሉ የሰነድ ድካም በአንድ ስልክ ሊበላሽ ነበር። ወዲያው ደውዬ «መልሱ በጽሑፍ ለሁሉም ይድረስ» አልኩ። መሐንዲሱ «ትንሽ ነገር እኮ ናት» አለኝ። መስታወቱ ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ነግሮ ለሌላው አለመንገር ግን ትንሽ አይደለም።

የጽሑፍ ማሻሻያው ወጣ። ግን ሲጎተት ሲጎተት ሳጥኑ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው የወጣው። መዝጊያውንም አላራዘሙም። ከባሕር ዳር የሚመጣው ተጫራች ተቃወመ፤ እውነቱን ነው። መስኮት በእንዲህ ያለ ሕንፃ ላይ ቀላል ወጪ አይደለም፤ ዋጋውን እንደገና ሠርቶ ለማሳተም ጊዜ ይፈልጋል። ኮሚቴው አጥብቆ ከጠየቀ በኋላ ነው ቀኑ የተራዘመው። ይህን እኛ ልንነግራቸው አይገባም ነበር፤ የተቀጠሩት ለዚሁ ነው።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥያቸውን ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እየወሰዱት ያሉት አንድም ሁሉም ነገር ተመዝግቦ እንዲቀር ነው። እኛ ያ ሥርዓት የለንም። ግን ሰነድ የገዙት ሁሉ ያሉበት አንድ የቴሌግራም ቻናል ከፍቶ ጥያቄውን ያለ ጠያቂው ስም፣ መልሱንም ከነቀኑ ማስቀመጥ ማንን ይከብዳል?

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሪፖርቱ ነው። የግምገማ ሪፖርቱ ወፍራም ነው፣ ሥራውም የተሟላ ነው። ግን ከዳር እስከ ዳር በእንግሊዝኛ ነው። ባለአክሲዮኖቻችን እህል ነጋዴ፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ ሆቴል ባለቤት ናቸው። ብራቸውን ያወጡት እነሱ ናቸው፣ የሚያጸድቁትም እነሱ ናቸው። አንዲት እናት ባለአክሲዮን ተነሥተው «ልጆቼ፣ እኔ የምፈርመው ምን እንደሆነ በሚገባኝ ቋንቋ ንገሩኝ» ሲሉ አዳራሹ ዝም አለ። ልክ ናቸው። የአማርኛ ማጠቃለያ ቢጠየቁም የመጣው ዘግይቶ ነው። ሲመጣ ደግሞ ማን ስንት እንዳገኘ ይናገራል፣ ለምን እንዳገኘ ግን አይናገርም። ያን ቀን ስብሰባውን ያዳነው መሐንዲሱ ቆሞ በአፉ ማስረዳቱ ነው። ሲያስረዳ ጎበዝ ነው፤ ያንኑ በአማርኛ ጽፎት ቢሆን ምን ነበረበት?

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያናደደኝ ነው። ለተሸነፉት የተጻፈው ደብዳቤ «አላሸነፋችሁም፣ ስለተሳትፏችሁ እናመሰግናለን» የሚል ብቻ ነው። በምን እንደተበለጡ፣ የት ነጥብ እንደጣሉ አንድ ቃል የለም። ሲፒኦዎቻቸውም ውሉ ከተፈረመ በኋላ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጠው ከረሙ። አንዱ ኮንትራክተር ሱቄ ድረስ መጣ። «ወንድሜ፣ መሸነፌ አልከፋኝም፤ በዚያ ብር ሌላ ጨረታ ልገባበት ነበር፤ ለምን ታስሮ ይቀራል?» አለኝ። ምን ልበለው? በዚያው ቀን ድርጅቱ ድረስ ሄጄ አብረን አስፈታነው። ይህ ሰው ነገ የእኛን ሁለተኛ ጨረታ ማስታወቂያ ሲያይ ሰነድ ይገዛል ወይስ «ተዋቸው» ብሎ ያልፋል? ጎንደር ውስጥ ይህን ያህል ሕንፃ የሚችሉ ኮንትራክተሮች ብዙ አይደሉም። አንዱን ማስቀየም በሚቀጥለው ጨረታ ውድድሩን ማሳነስ ነው።

የውል ድርድሩ ላይ ግን እንደገና ጎበዞች ሆነው አገኘኋቸው። አሸናፊው ቅድሚያ ክፍያ 30 ከመቶ ጠየቀ፣ በ20 ተስማማን። ለዚያ ዋስትና ይዞ የመጣው የኢንሹራንስ ቦንድ ነበር፣ በቅድመ ሁኔታ ላይ የተመሠረተ። አማካሪዎቹ አልተቀበሉትም። ኮንትራክተሩ ብሩን ይዞ ቢጠፋ በእንዲህ ያለው ቦንድ ጥፋቱን እስክታረጋግጡ ድረስ ገንዘባችሁን ላታገኙ ትችላላችሁ፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ የሚከፈል የባንክ ዋስትና ግን ደብዳቤ ጽፎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። ኮንትራክተሩ ቢያጉረመርምም አመጣ። የውል ማስከበሪያው 10 ከመቶ ነው። ከየክፍያው 5 ከመቶ እየተያዘ ይቀመጣል። ለዘገየበት ቀን 0.1 ከመቶ ይቀጣል፣ ቅጣቱ ከ10 ከመቶ አያልፍም። ከጊዜያዊ ርክክብ በኋላ ጉድለት የሚያስተካክልበት አንድ ዓመት አለው። እነዚህ በመንግሥት ሥራ የተለመዱ ስለሆኑ ማንም አልተከራከረባቸውም። ከዚህ ውጪ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ኮንትራክተሩን ለሕንፃው ጥንካሬ ለ10 ዓመት ተጠያቂ እንደሚያደርገው የነገሩን እነሱ ናቸው። ከኮሚቴያችን ይህን የሚያውቅ አልነበረም።

ስለ ክፍያቸው። የጠየቁት ከግንባታው ግምት አንድ ከመቶ የማይሞላ ነው። መጀመሪያ በመቶኛ ይሁን ብለው ነበር፤ እኛ ቁርጥ ያለ ብር ይሁን አልን። በመቶኛ የሚከፈለው ሰው የግንባታው ዋጋ ሲጨምር የእሱም ይጨምራል፣ ዋጋ እንዲቀንስልን የቀጠርነው ሰው እንዲህ መከፈል የለበትም። ክፍያውም በደረጃ ነው፦ ሰነዱ ሲጸድቅ፣ ግምገማው ሲጸድቅ፣ ውሉ ሲፈረም። ይህን አከፋፈል ለሁሉም እመክራለሁ። አንድ ነገር ግን ከልሱት፦ የመጨረሻውን ክፍያ ከውል ፊርማው ጋር አታያይዙት። የተሸናፊዎቹ ሲፒኦ ተመልሶ እስኪያልቅ ያዙት። እኛ ጋ የዘገየው ፊርማው ካለቀና ከተከፈላቸው በኋላ የሚያጣድፋቸው ነገር ስላልነበረ ነው።

ግንባታውን የሚቆጣጠር ሌላ ድርጅት ነው የቀጠርነው። ጨረታውን ያስተዳደሩት አማካሪዎች «እኛ ሰነዱን ስለምናውቀው ይሻላል» ብለው ነበር፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ግን ሰነዱን የሠራ ሰው ሰነዱ ላይ ስህተት ቢገኝ ራሱን መክሰስ ይከብደዋል። ሁለት ዓይን ይሻላል ብለን ወሰንን፣ አልተቀየሙም።

ትንሽ ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ አገልግሎት ከአቅም በላይ ነው፤ ጥሩ ቢኦኪው አሠርታችሁ ሁለት ሦስት ሰው ብታወዳድሩ ይበቃል። እንደ እኛ የብዙ ሰው ገንዘብ የያዘ ማኅበር፣ ትምህርት ቤት ወይም ሆስፒታል የሚሠራ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያን ግን ያለዚህ ባይገባ እላለሁ። ስትቀጥሩ ያዘጋጁትን ያለፈ የግምገማ ሪፖርት ስሙ ተሸፍኖ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። እነሱ ያስተዳደሩት ጨረታ ላይ የተሸነፈ አንድ ኮንትራክተር ፈልጋችሁ አነጋግሩ። ያሸነፈውንማ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ እሱ ምስጋና ነው የሚነግራችሁ።

ለሊፍቱና ለጄኔሬተሩ የተለየ ጨረታ እናወጣለን። እነሱኑ ልንቀጥር ተስማምተናል። አዲሱ ውል ላይ ግን ጥያቄና መልስ በጽሑፍ ለሁሉም እንዲደርስ፣ ማሻሻያ ሲወጣ መዝጊያው አብሮ እንዲራዘም፣ ሪፖርቱ በአማርኛ እንዲቀርብ፣ ለተሸነፈው ሁሉ ምክንያቱ ተጽፎ ሲፒኦው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ እንዲመለስ አስገብተናል። መሐንዲሱ አንቀጾቹን አንድ በአንድ አንብቦ «ልክ ነው» አለና ፈረመ።